ጋሽ ቱሉ የሰሙት

የጋሽ ቱሉን ሞት የሰማሁት አምስት ጣቴን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆሜ ሳለ ነው።

ሥራዬ የስቱዲዮ ፍሎር ማናጀር ነው። ካሜራዎቹ መሐል ቆሜ፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል፣ ከኮንትሮል ሩም፣ የሚመጣውን ትእዛዝ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ ለአቅራቢዋና ለእንግዳው በእጄ የማስተላልፍ ሰው ነኝ። ቀረጻ ሲጀመር አምስት፣ አራት፣ ሦስት በአፍ ይቆጠራል፤ ሁለትና አንድ በጣት ብቻ ነው። ያን ቀን አምስት ልል አፌን ስከፍት፣ ኮንትሮል ሩም ውስጥ አንዱ ለሌላው «የድምፁ ጋሽ ቱሉ ዛሬ ጠዋት አረፉ አሉ» ሲል ሰማሁ። ለእኔ የተነገረ አልነበረም። አምስት አልኩ። አራት አልኩ። ሦስት አልኩ። ሁለትና አንድን በጣቴ አሳየሁ። አቅራቢዋ ፈገግ ብላ «እንደምን አመሻችሁ» አለች። ፕሮግራሙ ሃምሳ ደቂቃ ነበር። ሃምሳውንም ደቂቃ ቆምኩ።

ሲያልቅ ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ ፊታቸውን ማየት የለብኝም ብዬ ነው። እፎይታው ከስቱዲዮው በር እስከ ደረጃው ድረስ እንኳ አልቆየም።

ባለቤቴ ሲሞት ሦስት ልጆች ይዤ ቀረሁ። ሲ.ኤም.ሲ ውስጥ፣ በተከራዩት ቪላ የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰዎች ዘንድ በጽዳት ተቀጠርኩ። ሳሎኑ ስቱዲዮ ነው፤ መኝታ ቤቱ ኮንትሮል ሩም ነው። በሁለተኛው ቀን ባልዲና መወልወያ ይዤ በካሜራው ፊት አለፍኩ። «ካት!» የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። ባልዲው ከእጄ አመለጠ።

አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ትልቅ ሄድፎን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከኮንትሮል ሩም ወጡ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ስታንድባይ ሲባል በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አለመኖሩን ማየት ነበረብኝ። እሷ ቃሉን ከየት ታውቀዋለች?»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ባልዲውን አነሡልኝ።

«ስታንድባይ ማለት፣ እህቴ፣ ምራቅሽን ዋጥ አድርገሽ ባለሽበት ቁሚ ማለት ነው።»

«ካትስ?»

«ካት ማለት አሁን ማሳል ይቻላል ማለት ነው።»

የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ነበር። ማታ ልጄ ካለፈው ዓመት ደብተሩ ያልጻፈባቸውን ገጾች ሰጠኝ፤ ቃሎቹን እዚያ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጋሽ ቱሉ የድምፅ ባለሙያ ነበሩ፤ ግን የካሜራውንም የመብራቱንም ቋንቋ ያውቁ ነበር። ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ አባታቸው ገብስ ያርሱበት በነበረ ቦታ ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰው ናቸው። ኦሮምኛውም አማርኛውም የእናታቸው ቋንቋ ነው። ሁሉ ሲስማማቸው «ቶሌ» ይላሉ። ቶሌ ካሉ ቀረጻው ይጀመራል፤ ቶሌ ካላሉ ሚኒስትርም ቢሆን ይጠብቃል።

ሄድሩም ማለት በምስሉ ላይ ከሰውየው ጭንቅላት በላይ የሚተው ክፍት ቦታ ነው። ጋሽ ቱሉ «የእግዜር ድርሻ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ። ፓን ማለት ካሜራው ካለበት ሳይነሣ ከጎን ወደ ጎን ሲዞር ነው። «ጎረቤት በአጥር ላይ እንደሚያይ፤ ቀስ ተብሎ። ከፈጠነ ሌባ ይመስላል።» ላፔል ደረት ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ነው። በላፔል ግን አልቀለዱም። «ይኼን የሰካ ሰው መሰካቱን ይረሳል። አንቺ ግን አትርሺ» አሉኝ። ጻፍኩት። ዛሬም ደብተሩ ላይ አለ።

እሳቸው የወንጌል አማኝ ነበሩ፤ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። በዚህ ስንቀላለድ ኖርን።

«ወርቄ፣ ዛሬም ጾም ነው?»

«ረቡዕ ነው፣ ጋሽ ቱሉ።»

«እንግዲያው ለእኔም አንድ ሰዓት ጨምሪልኝ። እኔ ከክትፎ ጋር ቀጠሮ አለኝ።»

«ጌታ ያየዎታል።»

«ያየኛል እንጂ! ግን በዋይድ ነው የሚያየን፣ ሁላችንንም አንድ ላይ።»

ማይክ ሲሞክሩ እንደ ሌሎቹ «አንድ ሁለት ሦስት በሉ» አይሉም። «የእናትዎን ስም ይንገሩኝ» ይላሉ እንግዳውን። ሰው የእናቱን ስም ሲጠራ አይጮኽም፣ አያንሾካሹክምም፤ ትክክለኛ ድምፁ ያ ነው ይሉ ነበር። ለሴት እንግዳ ላፔሉን በመዳፋቸው ዘርግተው ይሰጣሉ፤ ራሷ እስክትሰካው ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ከቀረጻው በፊት ስልክ ተደወለላትና ላፔሏን እንደሰካች ወደ ግቢው ወጣች። ካሜራ የሚይዙት ልጆች ኮንትሮል ሩም ውስጥ ነበሩ። ማልቀስ ጀመረች፤ ከባሏ ጋር ነበር የምታወራው። ጋሽ ቱሉ ወዲያው ሄድፎናቸውን አወለቁ፤ ድምፅ ማጉያውንም ዘጉት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ እንስማ በናትህ! ድራማ እኮ ነው!» አላቸው አንዱ።

«ድራማ ከፈለግህ ቤትህ ሂድና ቴሌቪዥን ክፈት» አሉት። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ለእኛ ያላለውን መስማት ኪሱ ውስጥ እጅ መክተት ነው። እጅህን ሰው ኪስ ውስጥ አግኝቼው አላውቅም፤ ዛሬም አላገኘውም።»

ልጁ አፈረ። እንግዳዋ ተመልሳ እስክትገባ ድረስ ሄድፎኑ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ጣሪያ ጣሪያ ሲያዩ ቆዩ።

የፍሎር ማናጀሩ ሥራ ክፍት ሲሆን እኔን የጠቆሙ እሳቸው ናቸው። አለቆቹ ሳቁ። የጽዳት ሠራተኛ ናት አሉ። ጋሽ ቱሉ «እጇ ይናገራል፤ አፏ ዝም ማለት ይችላል። ፍሎር ማናጀር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?» አሉ። በዚያ ሥራ ልጆቼን አሳደግሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ ዘንድሮ ነርስ ሆና ተመርቃለች። ይህን ሁሉ ያደረገ እግዚአብሔር ነው፤ ያደረገበት እጅ ግን የጋሽ ቱሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ያደረጉልኝን ሳልቀንስ ያደረግሁባቸውን ለመናገር ነው።

አንድ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ለመቅረጽ ወጣን። እንግዳችን በወጣትነታቸው በዚያ ቁልቁለት እንጨት ይሸከሙ የነበሩ እናት ናቸው። እሳቸው እያወሩ ጋሽ ቱሉ ገመድ ይነካካሉ፤ ሄድፎኑን ግራ ጆሯቸው ላይ ጫን ጫን ያደርጋሉ። መጨረሻ ላይ ጠሩኝ።

«ወርቄ፣ ነይ እስቲ ይኼን ስሚልኝ።»

ሄድፎኑን አደረግሁት። በቀኝ በኩል የሴትዮዋ ድምፅና የባሕር ዛፉ ሽውታ ይሰማል። በግራ በኩል የማያቋርጥ ነገር ነበር።

«በግራ ንብ አለ» አልኩ።

«ሃም ነው የሚባለው። ገመዱ ነው።»

ገመዱን ቀየሩ፤ ንቡ ጠፋ። ቀረጻው ሲያልቅ ግንድ ላይ ተቀምጠው ገመዱን እየጠቀለሉ ነገሩኝ።

«ንቡን እኔ አልሰማሁትም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግራው ጆሮዬ ዝም ብሏል።»

«ሐኪም አላዩም?»

«አየሁ። ዕድሜ ነው አለኝ። ዕድሜን በምን ይታከሙታል?» ገመዱን ቦርሳው ውስጥ ከተቱ። «ለማንም እንዳትነግሪ አልልሽም፤ እንደማትነግሪ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ሄድፎኑን ለአንድ ደቂቃ ይሰጡኛል። ደህና ከሆነ አገጬን ዝቅ አደርጋለሁ። ካልሆነ ግራ ጆሮዬን እነካለሁ፤ ለሌላው ሰው ሻሼን የማስተካክል ይመስላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። በሁለቱ ዓመት ድምፁ የተበላሸ አንድም ፕሮግራም አልወጣም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሰው ይቀነሳል የሚል ወሬ መጣ። አንድ ጠዋት ለመብራትና ለድምፅ ሙከራ በእንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ላፔሉን ሰክቼ የእናቴን ስም ተናግሬ ጨርሻለሁ። ሄኖክ፣ ፕሮዲዩሰራችን፣ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። እሱ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል።

«እትዬ ወርቄ፣ ለአንቺ ልንገርሽ። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ሰው እንቀንሳለን፤ ወይ ከድምፅ ወይ ከፍሎር። እኔ አንቺን ማጣት አልፈልግም፤ ግን ምክንያት ያስፈልገኛል። ሽማግሌው እንዴት ናቸው? ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር፤ የታወቅሁት በዚያ ነው። ልጆቼ ታዩኝ። ልጆቼን ምክንያት ማድረጌ አይደለም፤ የሆነውን መናገሬ ነው። እናቶች ሁሉ ልጅ አላቸው፤ ሁሉም ግን እንዲህ አያደርጉም።

«ግራው አይሰማም» አልኩ። «ሁለት ዓመት ሆነው።»

«እና እንዴት ይሠራሉ?»

«እኔ አለሁ እኮ። እኔ ባልኖር ገና ድሮ ይታወቅባቸው ነበር።»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም። ከራሴ የጨመርኩት ነው። ያመኑኝን ነገር እንደ ራሴ ሙያ አድርጌ አቀረብኩት።

«በስመ አብ! ደንቆሮ ድምፅ ሠሪ ነዋ ያለን!» ብሎ ሄኖክ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ሳቄን ስጨርስ ዓይኔ ደረቴ ላይ ወደቀ። ላፔሉ እንደተሰካ ነው።

ወዲያው ጋሽ ቱሉ ከኮንትሮል ሩም ወጡ። ሄድፎኑ አንገታቸው ላይ ነበር። እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ድምፅሽ ደህና ነው» አሉ።

ላፔሉን ይዘው ወደ ኮንትሮል ሩም ተመለሱ። ሄድፎኑን ያወለቁት ወሬያችን ሲጀመር ይሁን ሲያልቅ አላወቅሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ያጽናናሁት በዚያ ነው፤ ልማዳቸው ነው፣ ወዲያው አውልቀውታል፣ አልሰሙም እያልኩ።

በሳምንቱ ራሳቸው ደብዳቤ አስገቡ። ጆሮዬ ደክሟልና አሰናብቱኝ የሚል ነው። ኬክ ተገዝቶ ተሸኙ። ሁሉንም በስም እየጠሩ አመሰገኑ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ እጄን ጨብጠው «ልጆችሽን ሳሚልኝ» አሉኝ። ፊቴን አላዩም። እኔም ፊታቸውን አላየሁም።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት አዘዙኝና «ከዚያ በኋላ ግን ሄደሽ እግራቸው ላይ ውደቂ። ያለዚያ ስግደቱ ስፖርት ነው» አሉኝ። ስግደቱን በሦስት ቀን ጨረስኩ። መሄዱን ሁለት ዓመት አሳደርኩት።

መንገዱ ጠፍቶኝ አይደለም። በየወሩ በዐሥራ ስድስት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ልሳለም ስወጣ የማልፈው በደጃቸው ነው። እዚያ ስደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ። ባለፈው የካቲት ዓመታዊው በዓል ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጋሽ ቱሉ ከአጥራቸው ላይ ሆነው የሚወጣውን ሰው ያያሉ።

«ወርቄ! ወርቅነሽ!»

እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። ደግመው ጠሩኝ። አጠገቤ የምትሄድ ወጣት «እናቴ፣ እርስዎን እኮ ነው የሚጠሩት» አለችኝ።

«እኔን አይደለም» አልኳት።

ይህን ያልኩት ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ዘምረው ጨርሰው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ ፍራሽ ላይ ናቸው። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም። ጎንበስ ብዬ ስሜን ስነግራቸው እጄን ይዘው አልለቀቁም። አጠገባቸው የነበረችውን ሴት አስነሥተው አስቀመጡኝ።

«አንቺን ስጠብቅ ነበር» አሉ። «አደራ አለብኝ። ቱሉ አንቺን በድሎሻል።»

«እኔን?» አልኩ።

«ሥራ ሊለቅ ሰሞን አንድ ቀን መጥቶ እህል አልቀመሰም። ምን ሆንክ አልኩት። ወርቅነሽ ከሰው ጋር ስታወራ በማይኩ ሰማኋት አለኝ። ማውለቅ ነበረብኝ፤ ስለ እኔ ሲወራ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁ አለኝ። በዚያ ሥራ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ያላደረገውን! ምን አለች ብዬ ብጠይቀው፣ እሱ የእሷ ነው አለ። እስኪሞት አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ሸሸሽው። መስማቴን አውቃ ተቀይማኛለች ይላል። በየካቲት ከአጥሩ ላይ ሲጠራሽ ይቅርታ ሊልሽ ነበር። ሰው በዝቶ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሽውም።»

እጄን ከእጃቸው ላስለቅቅ ሞከርኩ።

«እንግዲህ እኔ በእሱ ፈንታ ነኝ» አሉ። «ሁሉን አሟልቶ ነው የሄደው፤ ይቺ ብቻ ቀረችበት። ይቅር በይው።»

የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ጫልቱ ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

«ተመስገን!» ብለው ግንባሬን ሳሙት።

ሮጬ የወጣሁ ያህል ነበር። ያን ሰውዬ ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸልይ፣ የበደሉንን ይቅር ማለታችንን ለእግዚአብሔር የምንነግርበት ቦታ ላይ ስደርስ አንደበቴ ይያዛል።

ሦስት ሳምንት አሰብኩ። ብነግራቸው በሐዘናቸው ላይ ሐዘን እጨምራለሁ፤ ጋሽ ቱሉ የደበቁልኝንም እገልጣለሁ። ባልነግራቸው ደግሞ ባላቸውን በዳይ አድርገው ሲያስቡ ይኖራሉ። የመጀመሪያውን ፈራሁት። ሁለተኛውን ግን መሸከም አልቻልኩም።

ማክሰኞ ቀን ነበር፤ በዓልም ወርኃዊም አይደለም። ድንኳኑ ተነሥቷል። እትዬ ጫልቱ በሩን ከፍተው «ግቢ እንጂ» አሉኝ። አልገባሁም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ ጆሯቸው እንደማይሰማ ነግረውኝ እንዴት እንዳመኑኝ፣ ለሄኖክ ምን እንዳልኩ፣ በየካቲትም ሲጠሩኝ ሰምቼ እንዳለፍኩ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከራሴ የጨመርኩትንም ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ደንቆሮ ያለው ማን ነው?»

«ሄኖክ ነው።»

«አንቺስ?»

«ሳቅሁ።»

በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሰውየው ራሱን ሲወቅስ ሞተ» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያውም ከደጄ ላይ ሆኖ ሲጠራሽ።»

«አዎ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው ከለከሉኝ።

«ተይ። ዛሬ አልችልም» አሉ። «ሂጂ። ዛሬ አልችልም።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ከስቱዲዮ ፈቃድ ጠይቄ እንደገና ወጣሁ። አንኳኳሁ። «ማነው?» አሉ።

«ወርቅነሽ ነኝ።»

በሩ አልተከፈተም። የእግራቸው ኮቴ ግን እስከ በሩ መጥቶ ቆመ። ወደ ቤት አልተመለሱም። በቆርቆሮው በር ስር የጫማቸውን ጫፍ አያለሁ። እሳቸው በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ብዙ ቆምን። መቆማቸውን ለእግዚአብሔር አመሰገንኩ።

«ደህና ይዋሉ፣ እትዬ። ማክሰኞ እመጣለሁ» አልኩና ወደ ታክሲው ወረድኩ።